ሙዚቀኞቹ ሽማግሌ የላኩ ዕለት

አንድን ሰው ሐሳቡን ለማስለወጥ ብላችሁ ፊልም አሳይታችሁት ታውቃላችሁ? አጠገቡ ተቀምጣችሁ «አሁን ይገባዋል፣ አሁን ይገባዋል» እያላችሁ ስትጠብቁ ቆይታችሁ፣ በመጨረሻ እሱ ያየው ፊልምና እናንተ ያያችሁት አንድ እንዳልነበረ የተረዳችሁበት ጊዜ አለ? እኔ ደርሶብኛል። ያውም ከገዛ አባቴ ጋር፣ እስራኤል አገር፣ በሀደራ ከተማ ጊቫት ኦልጋ ሰፈር ባለው ቤታችን፣ ሳሎን ውስጥ።

ነገሩን ከመነሻው ላስረዳ። ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ነቬ ሐይም በሚገኝ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሦስተኛ ክፍል ልጆችን አስተምር ነበር። ያኔ በደንብ ከተብራራ የማይገባ ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። ልጁ ካልገባው በሌላ ምሳሌ፣ አሁንም ካልገባው በሥዕል፣ ከዚያም ካልገባው ተነስተን ግቢ ወጥተን በድንጋይና በእንጨት። ይህን እምነቴን ከክፍል ወደ ቤት ይዤው እገባለሁ። እናቴ «ይቺ ልጅ ሽንኩርት ስልጥ እንኳ ለምን እንደሚያስለቅሰኝ ቆማ ታስረዳኛለች» ትል ነበር።

እህቴ የቤታችን መጨረሻ ናት። እኔ በፈረንጆች 1991 ቤተ እስራኤልን ከኢትዮጵያ ባመጣው ዘመቻ አውሮፕላን ወለል ላይ ተቀምጬ የመጣሁ ነኝ፤ እሷ ግን እዚሁ አገር ተወለደች። በዚያ በጋ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ልትገባ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚጠብቃት በዚህ አገር ግዴታ የሆነው ወታደርነት ነው። እንግዲህ ከሁለቱ በፊት አንድ ነገር ፈለገች፤ ይህ ታሪክም የዚያ አንድ ነገር ታሪክ ነው።

እህቴ በከተማችን ሳምንታዊ ጋዜጣ የወጣቶች ገጽ ላይ አልፎ አልፎ ትጽፍ ነበር። የምትጽፈው አጫጭር ነገር ነው፤ ስለ ባሕር ዳርቻው ቆሻሻ፣ ስለ ትምህርት ቤት ዝግጅት። በሰፈራችን ደግሞ አራት ልጆች ያሉበት የሮክ ባንድ ነበር። ዘፋኙና ቤዝ ጊታር የሚጫወተው የእኛው ልጆች ናቸው፤ ጊታሪስቱ ቤተሰቦቹ ከሞሮኮ የመጡ፣ ድራም መቺው ደግሞ ከሩሲያ በሕፃንነቱ የመጣ ረጅም ቀጭን ልጅ። የሚለማመዱት በሕንፃዎቹ መካከል ባለው ሚቅላት፣ ማለትም ከመሬት በታች በተሠራው የቦምብ መጠለያ ውስጥ ነው። በዚያ ነሐሴ በአንድ አሮጌ ሚኒባስ ወደ ደቡብ ወርደው፣ ከከተማ ከተማ እየዞሩ በየማትናሱ፣ በየሰፈሩ የባህል ማዕከል፣ ሊጫወቱ ተዘጋጁ። የወጣቶች ገጽ አዘጋጁ ለእህቴ እንዲህ አላት፦ «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብረሻቸው ከዞርሽና ያየሽውን ከጻፍሽ፣ ጥሩ ሆኖ ካገኘሁት ሙሉ ገጽ እሰጥሻለሁ።»

ያን ዕለት በረንዳ ላይ ነበርን። እህቴ ለአባቴ ነገረችው። አባቴ ስሊፐሩን አውልቆ እግሩን የባሕሩ ነፋስ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ዘርግቶ ነበር።

«ከማን ጋር?» አለ።

«ከላህቃው ጋር። ከባንዱ ጋር፣ አባ። ይዘፍናሉ፣ እኔ እጽፋለሁ።»

«ከአዝማሪ ጋር? አይሆንም።»

አለቀ። አባቴ «አይሆንም» ካለ ምክንያት አይጨምርበትም። እህቴ ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። እኔ ደግሞ፣ እንደ ልማዴ፣ ነገሩ ገና ስላልተብራራለት ነው ብዬ አሰብኩ።

ፊልሙን ያመጣችው እህቴ ናት፤ ከጓደኛዋ የተዋሰችው ዲቪዲ ነው። ትምህርቱን ገና ያልጨረሰ አንድ ወጣት ለአንድ መጽሔት ሊጽፍ ከሮክ ሙዚቀኞች ጋር በአውቶቡስ ይዞራል። መጀመሪያ እንደ ነገሥታት ያያቸዋል፤ ቀስ በቀስ ሲጣሉ፣ ሲዋሹ፣ ሲፈሩ ያያቸዋል፤ በመጨረሻ ወደወጣበት ቤት ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኗል። እኔ ፊልሙን ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። ለአባቴ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ። ዓርብ ቀን ከሥራ ቀደም ብሎ ሲገባ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ አስቀመጥኩትና ሪሞቱን ያዝኩ።

ፊልሙ እንግሊዝኛ ነው፤ ከታች የሚሮጠው ጽሑፍ ዕብራይስጥ ነው፤ አባቴ ሁለቱንም አያነብም። ስለዚህ እኔ እተረጉማለሁ። ይህ ለእኛ ቤት አዲስ ነገር አይደለም። ሐኪም ቤትም፣ ባንክም፣ የወላጆች ስብሰባም፣ ትልቋ ልጅ ናት የምትተረጉመው። ልዩነቱ በዚያን ቀን ተርጓሚዋ አስተማሪም መሆኗ ነው።

«ይሄ ልጅ የማን ልጅ ነው?» አለ አባቴ።

«እናት አለችው፣ አባ። ቤት ናት። እሱ ሊጽፍ ነው የሚሄደው።»

«እነዚህስ?»

«እነሱ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ዝነኞች ናቸው።»

አባቴ ጊታር የያዘውን ሰውዬ ትክ ብሎ አየው። «ትልቅ ሰው ሱሪው እስኪቀደድ ምን ይጠብቃል? የሚሰፋለት የለም?»

«አባ፣ ፋሽን ነው» አለች እህቴ ከወለሉ ላይ።

እኔ ፊልሙን አቆምኩና ሮክ ምን እንደሆነ አስረዳሁ። ለቀቅኩት፤ እንደገና አቆምኩና መጽሔት በዚያ ዘመን ምን ያህል ኃይል እንደነበረው አስረዳሁ። ለቀቅኩት፤ እንደገና አቆምኩና ልጁ ለምን እንደፈራ፣ ፍርሃቱም ለምን ጥሩ እንደሆነ ማብራራት ጀመርኩ። የሰዎቹ አፍ እንደተከፈተ በስክሪኑ ላይ ደርቀው ቀርተዋል።

«ልጄ» አለ አባቴ፣ «እኔ ተማሪሽ አይደለሁም። ልቀቂው እስቲ፣ ልይበት።»

«በቃ፣ በቃ! ሪሞቱን ስጪኝ» አለች እህቴ፤ ነጠቀችኝ።

ከዚያ በኋላ የምተረጉመው ሲጠይቀኝ ብቻ ሆነ። ብዙም አልጠየቀኝም። አንድ ቦታ ላይ ግን ከሶፋው ወደፊት ቀረብ አለ። ልጁ ነዳጅ ማደያ አጠገብ ካለ የስልክ ሳጥን ለእናቱ ይደውላል። ከኋላው አውቶቡሱ ውስጥ ሙዚቀኞቹ ተጣልተው ዕቃ ይወራወራሉ፤ አንዱ ቦርሳውን አንግቶ በእግሩ አስፋልቱን ይዞ ይሄዳል። ልጁ ዓይኑ ቀልቷል።

«ምን አላት?»

«‹ደህና ነኝ፣ ሁሉም ነገር ጥሩ ነው› አላት።»

አባቴ ወደ ኋላው ተመለሰ። «ዋሻት» አለ።

ፊልሙ አለቀ። እኔ እንደ ፈተና ውጤት ጠባቂ ፊቱን አየሁት። እህቴ ጉልበቷን አቅፋለች።

«እነዚህ ሰዎች እናቱን አልጠየቋትም» አለ አባቴ።

«እነማን?»

«ዘፋኞቹ። የጠየቃት ልጁ ራሱ ነው። ልጅ እማ ምን ጊዜም ይጠይቃል። እነሱ ግን አንድም ቀን በሯ ላይ ቆመው ‹ልጅሽን እንወስዳለን፣ አደራው በእኛ ነው› አላሏትም። እንግዲህ ልጁ ቢጠፋ ያቺ ሴትዮ ማንን ትጠይቅ?»

እህቴ ከእኔ ፈጠነች። «ቢጠይቁህስ?»

«ቢጠይቁኝ እሰማለሁ» አለና ሰንበት ሊቀበል ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደ።

በዚያ ሰንበት ብዙ አሰብኩ። ለእኔ ፊልሙ ስለ ልጁ ነበር። ለአባቴ ቤት ስለቀረችው ሴት ነበር። እኔ የምወደውን ሰው ዓይኔ ሲከተል እሱ የሚመስለውን ሰው ተከትሏል። አዝማሪን የሚያማው ስለሚዘፍን አለመሆኑም ገባኝ። አባቴ ማሲንቆ ሲሰማ ሥራ ይፈታል። ነገር ግን በእነሱ አገር፣ በጎንደር ገጠር፣ አዝማሪ ሰርግ ሊያደምቅ ሲመጣ የሚያሳድረው ቤት አለው። ቢያጠፋ ያ ባለቤት ይጠየቅበታል፤ ቢጎዳም ያ ባለቤት ይጠየቅለታል። ሰርጉ አልቆ መንገድ ሲገባ ግን የማንም አይደለም። አባቴ የፈራው ልጁ «የማንም» የምትሆንበትን መንገድ ነው። ይህን እንዳወቅኩ ሥራው ቀላል መሰለኝ፤ ሙዚቀኞቹ መጥተው ይጠይቁ፣ አለቀ።

እሁድ ከሰዓት ሚቅላቱ ወረድኩ። ከባዱን የብረት በር ገፍቼ ገባሁና ነገሩን አስረዳሁ። ዘፋኙ ማይክሮፎኑን ከአፉ አወረደ።

«ሽማግሌ?! ማ ፒትኦም! ምን በወጣኝ! እናቴ ይህን ከሰማች ነገ የሰርግ አዳራሽ ትከራያለች።»

«ሽማግሌ ምንድን ነው?» አለ ድራም መቺው በዕብራይስጥ።

«አንድ ነገር ስትፈልግ ስለ አንተ ሆኖ የሚጠይቅልህ፣ አንተ ብታጠፋ ደግሞ የሚጠየቅብህ ትልቅ ሰው ነው» አልኩት።

«እንደ ማናጀር?»

«ከማናጀር ይበልጣል።»

«ታዲያ ለምን እስካሁን የለንም?» አለ ከልቡ።

ችግሩ ማን ይሁን የሚለው ነበር። ዘፋኙ አያቶቹን ቀብሯል፤ የቤዙ ልጅ አባት ዘበኛ ነው፣ ቀን ይተኛል። ጊታሪስቱ ድንገት ጣሪያውን አየ። ሁላችንም ያሰብነው ያንኑ ሰው ነበር፤ ከሕንፃችን ምድር ላይ የሚኖሩትን አዛውንት። እኚህ ሰው ከሰዓት በኋላ ጋደም ማለት ይወዳሉ፤ የቤታቸው መስኮት ደግሞ ከሚቅላቱ በር ፊት ለፊት ነው። ድራሙ በጀመረ ቁጥር ወጥተው በዱላቸው የብረቱን በር ይደበድቡታል። ልጆቹ ከእሳቸው ሌላ በሰፈሩ የሚያውቁት ሽማግሌ የለም፤ እሳቸውንም የሚያውቋቸው በዱላቸው ድምፅ ነው።

አምስታችንም ሄድን። እኔ ተናገርኩ፤ ልጆቹ ከኋላዬ ተደረደሩ። አዛውንቱ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ታዲያ ምን ብዬ ልመስክር?» አሉ። «ጨዋ ናቸው ልበል? እንቅልፍ የነሱኝ እነሱ!»

ዘፋኙ አንገቱን ደፋ። «አባባ፣ ይቅርታ እንጠይቅዎታለን።»

«ቀድሞ ዱላዬ ሲጠይቅህ የት ነበርህ?»

አዛውንቱ ዱላቸው ላይ አገጫቸውን አስደገፉ። ከዚያ እንደ መናደድም እንደ መሳቅም ብለው፣ «ሽማግሌ ሁን ተብሎ እምቢ ያለ ሰው ሽማግሌ አይባልም» አሉ። «ግን ከዛሬ ጀምሮ እኔ ስተኛ ያ በርሜል አይመታም። አንተ ረጅሙ፣ የማወራው ስላንተ ነው። ነገ ሁላችሁም ታጥባችሁ፣ ነጭ ለብሳችሁ እዚሁ። ጸጉርህን ደግሞ እሰረው።»

በማግስቱ አመሻሽ ላይ በደረጃው ሲወጡ ሰማናቸው። ከፊት አዛውንቱ፣ ከኋላ አራቱ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፤ ድራም መቺው ክራባት አስሯል፣ ከታች ግን ቁምጣ ነው፤ በእቅፉ ትልቅ ሐብሐብ ይዟል። ከፊት ለፊታችን ያለችው ጎረቤት በሯን ከፈተች፣ ሰልፉን አየች፣ ሌላ ምንም ሳትጠይቅ እልልታዋን አቀለጠችው። እህቴ ከወጥ ቤት «ኦይ፣ አይሆንም፣ አይሆንም!» ብላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

እናቴ በበሩ ክፍተት አየቻቸው። «አራት ወንድ ተሰብስቦ ለአንዲት ሴት ልጅ ሽማግሌ ሲልክ እንግዲህ ይሄ የመጀመሪያው ነው» አለች።

አባቴ ተነስቶ ተቀበላቸው። «ቤት ለእንግዳ። ተቀመጡ።»

«ቤት ያፍራ። ለጉዳይ ነው የመጣነው» አሉ አዛውንቱ። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

እንደቆሙ ጉዳያቸውን ተናገሩ። ስለ ሮክም፣ ስለ ጋዜጣም ብዙ አላሉም። ልጆቹ የእገሌና የእገሌ ልጆች መሆናቸውን፣ የሚሄዱበትን አገር፣ ልጅቱ በሥራዋ እንደምትሄድ፣ አንድ ነገር ቢጎድል የሚጠየቁት እሳቸው መሆናቸውን ብቻ። ንግግሩ እንዲህ አጭርና ሙሉ ሲሆን አይቼ በልቤ አጨበጨብኩ።

አባቴ መሬት መሬት እያየ አዳመጠ። «ጥሩ ተናግረዋል። ዘመድ አማክሬ እመልሳለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ።»

ያኔ ነው የደነገጥኩት። ሚኒባሱ የሚነሳው በሚመጣው እሁድ ነበር። ለልጆቹ ሁሉን ነገር አስረድቼ የረሳሁት አንድ ነገር ነበር፤ ሽማግሌ በመጣበት ቀን መልስ አይሰጠውም። በመጀመሪያው ቀን «እሺ» ያለ አባት ልጁን እንዳረከሳት ይቆጠራል። አባቴ ክፉ አልሆነም፤ ደንቡን ነው የጠበቀው። ደንቡን አስታውሼ ቢሆን ኖሮ ከወር በፊት እልካቸው ነበር። እህቴ ወደ እኔ ያየችበትን ዓይን እዚህ አልገልጸውም።

አዛውንቱ ግን ምንም አልመሰላቸውም። «ደግ፣ ቀጠሮ ተቀብለናል» ብለው ልጆቹን ይዘው ወጡ። በሩ ተዘጋ። ሐብሐቡ መሬት ላይ ቀርቷል። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተንኳኳ።

«ተመልሰን መጣን» አሉ አዛውንቱ።

«ሁለት ሳምንት ያልኩ መስሎኝ» አለ አባቴ።

«ብለሃል። እዚያ አገር ቀጠሮ የሚረዝመው ሽማግሌው ወንዝ ተሻግሮ፣ ተራራ ወጥቶ ስለሚመጣ ነው። እኔ የምመጣው ከምድር ቤት ነው። ሁለት ሳምንት ምን ላድርግበት?»

አባቴ ከንፈሩን ነከሰ፤ ሳቅ እንደያዘው አወቅኩ። «ዘመድ አላማከርኩም።»

«አማክራ። እኛ ደረጃው ላይ ነን።» እንደገና ወጡ።

አባቴ ወደ ወጥ ቤት ዞረ። «ምን ትያለሽ?» አላት እናቴን።

«እኔ ሐብሐቡን ቆርጫለሁ» አለች እናቴ።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲገቡ ድራም መቺው ያለከልክ ነበር፤ ደንቡ በየጊዜው እስከ ታች መውረድ የሚያስገድድ መስሎት ወርዶ ሲወጣ ነበር። አባቴ አሁን በቁም ነገር ጠየቀ።

«ሰንበትስ የት ይውላሉ?»

«አሽቀሎን እህቴ ቤት። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይገባሉ፣ ሰንበት ሲወጣ ይወጣሉ። ነግሬያታለሁ።»

«ብትታመም?»

«እኔን ጠይቀኝ።»

«አንዱ ክፉ ቃል ቢናገራት?»

«እሱንማ አንተ ሳትጠይቀኝ በፊት እኔ እጠይቀዋለሁ» አሉና ዱላቸውን ወለሉ ላይ መታ አደረጉ። ዘፋኙ ቀጥ ብሎ ቆመ።

አባቴ ከዚያ በሽምግልና ወግ አይቼው የማላውቀውን ነገር አደረገ፤ ዞሮ እህቴን ጠየቃት።

«ነይ። እዚያ ሆነሽ ነገሩ ቢከፋ፣ ስደውልልሽ ምን ትይኛለሽ?»

ጥያቄው ከየት እንደመጣ አውቄዋለሁ። ልጁ ስልክ ይዞ የቆመበት ነዳጅ ማደያ ነው። እህቴን ለመርዳት አፌን ስከፍት በእጇ ከለከለችኝ።

«ከፍቷል እልሃለሁ» አለች።

«ከዚያስ?»

ወለሉን አየች፤ ቀና አለች። «ከዚያ… አትምጣ እልሃለሁ።»

ጎረቤታችን እንኳ በበሩ ላይ እንደቆመች እልልታዋን ውጣዋለች።

«አትምጣ ካልሽኝ መናገርሽ ምን ያደርግልኛል?»

«ታውቃለህ፣ አባ። የፊልሙ ልጅ እናት አታውቅም ነበር።»

አባቴ ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ወደ አዛውንቱ ዞሮ አንድ ቃል ብቻ አለ። «ተቀመጡ።»

ላላወቀው ሰው ላስረዳ፤ ጉዳይ ይዞ ለቆመ ሽማግሌ ከጥያቄው በኋላ «ተቀመጡ» ማለት «እሺ» ማለት ነው። ጎረቤታችን ለሁለተኛ ጊዜ እልል አለች። ድራም መቺው የገባው ዘፋኙ ጆሮው ላይ ሲነግረው ነው፤ ከሁሉም በኋላ፣ ብቻውን ጮኸ።

እሁድ ጠዋት ተነሱ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስትደውል ድምፅዋ ይሮጣል፤ ስለ ሚኒባሱ ጭስ፣ ሰው ስለሞላበት አዳራሽ፣ ስለ ጊታሪስቱ ማንኮራፋት ታወራለች። በሳምንቱ መጨረሻ አካባቢ፣ እራት ስንበላ፣ የአባቴ ስልክ ጮኸ። እኔ የምሰማው የእሱን ወገን ብቻ ነበር።

«እሺ።… እሺ።… ማን?… እሺ።»

ድምፅዋ ከስልኩ ውስጥ ሲሰበር ለእኛም ተሰማ። አባቴ ከወንበሩ ተነሳ።

«ልምጣ?» አለ።

ከዚያ ጥቂት ሰማና «እሺ» ብሎ ዘጋው።

«ምን አለች?» አለች እናቴ።

«ከፍቷል አለች። አዳራሹ ውስጥ ከዘበኛው በቀር ሰው አልመጣም። ዘፋኙና ጊታሪስቱ ተጣልተው ጊታሪስቱ በአውቶቡስ ጥሏቸው ሄዷል። አዘጋጁም የላከችውን አንብቦ ‹ይሄ ለምንም አይሆንም› ብሏታል።»

እናቴ ቦርሳዋን አንስታ ነበር።

«አትምጣ አለችኝ» አለ።

«እኮ! ልጅ አትምጣ ሲል ነው የሚሄዱት!»

አባቴ ጫማውን አንስቶ በእጁ ይዞ ቆመ። በዚያ ሰዓት ከሀደራ ምዕራብ ጣቢያ ወደ ደቡብ የሚወስድ ባቡር እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። እኔም ማስረዳት ጀመርኩ፤ በዚህ ዕድሜ የራሳቸውን ችግር ራሳቸው ሲፈቱ ምን እንደሚማሩ፣ አሁን ብንሄድ ምን እንደምናሳጣት፣ ከክፍሌ ልጆች ምሳሌ እየጠቀስኩ።

«ተይ» አለኝ አባቴ፤ ሳይቆጣ። «ገብቶኛል። የከበደኝ ስላልገባኝ አይደለም።»

ይህን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ። በክፍል ውስጥም ብዙ ጊዜ ትዝ ይለኛል። አንድ ልጅ ሒሳቡ ገብቶት እጁን ማውጣት ሲያቅተው፣ ይቅርታ መጠየቅ እንዳለበት እያወቀ አንደበቱ ሲያያዝ፣ አሁን አላስረዳውም። አጠገቡ እቀመጣለሁ።

አባቴ ጫማውን አድርጎ ወረደ። ጣቢያ የሄደ መስሎኝ በረንዳ ላይ ወጣሁ። የሄደው ግን አዛውንቱ ወደተቀመጡበት፣ ከሕንፃው በር አጠገብ ወዳለው አግዳሚ ወንበር ነበር። የሚነጋገሩት እስከ ላይ ይሰማል።

«ደወለች?» አሉ አዛውንቱ።

«ደወለች።»

«ከፍቷል?»

«ከፍቷል።»

«ልትሄድ ነው?»

«አትምጣ አለችኝ።»

አዛውንቱ ዱላቸውን ከወንበሩ ላይ አንስተው ቦታ ለቀቁለት። «እንግዲያስ ቁጭ በል።»

ቁጭ አለ። አንድ ሰው ምንም ሳያደርግ ያን ያህል ሲደክም አይቼ አላውቅም። እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል፣ ያነሳል፣ ስልኩን ከኪሱ ያወጣል፣ መልሶ ይከተዋል። አዛውንቱ ስለ ወገባቸው ሕመም፣ ስለ ሐብሐቡ ጣዕም ያወሩለታል። አልሄደም። መልሶም አልደወለም።

ጊታሪስቱ በማግስቱ አፍሮ ተመለሰ። እህቴ ስለ ባዶው አዳራሽ ጻፈች፤ ዘበኛው ብቻውን እያጨበጨበ የቀሩትን ዘፈኖች ሁሉ እንዴት እንዳስዘፈናቸው። ሙሉ ገጽ አልተሰጣትም፤ ግማሽ ገጽ ሆነ፣ ከግማሹም ላይ ሩቡ ማስታወቂያ ነበር። አባቴ በአማርኛ ስታነብለት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማትና «ሁሉንም አልሽው?» አላት። «ሁሉንም» አለችው። «ስለ እኔስ?» «ስለ አንተ አልጻፍኩም።» «ደግ» አለ፤ ጋዜጣውን አጥፎ ለአዛውንቱ ሊያሳይ ወረደ።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የምትወዱት ሰው ከሩቅ ደውሎ «ከፍቶብኛል» ሲላችሁ፣ ምክር ከመጀመራችሁ በፊት፣ ምሳሌ ከመፈለጋችሁም በፊት፣ «ልምጣ?» ብቻ በሉት። «አትምጣ» ቢላችሁ ደግሞ እመኑትና ቁጭ በሉ። ብቻችሁን ከከበዳችሁ አጠገባችሁ የሚቀመጥ ሰው ፈልጉ። ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ እኔ ስሞክረው እስካሁን የተሳካልኝ ጥቂት ጊዜ ነው። እናንተም አንድ ጊዜ ሞክሩት።